እጅ የማይደርስበት ሣጥን

ለሽርሽር የሚወጣ ሰው ለስላሳና በረዶ የሚይዝበት ተራ ነጭ የፎም ሣጥን ነው። ክዳኑ በፕላስተር ደጋግሞ ተጠምጥሟል። በአንድ ጎኑ በተበሳው ቀዳዳ የአንዲት ርካሽ የካኖን ካሜራ ዐይን ወደ ውጭ ይመለከታል። ከካሜራዋ አጠገብ ጂፒኤስ ያለው የቅድመ ክፍያ የእጅ ስልክ ተኝቷል። ሁለቱ እንዳይበርዳቸው፣ በብርድ አገር ሰዎች ጓንታቸው ውስጥ የሚከቷቸው የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶች አብረዋቸው ታሽገዋል። ከሣጥኑ በላይ ፓራሹት፣ ከፓራሹቱ በላይ ደግሞ በሂሊየም የተነፋ የሜትሮሎጂ ፊኛ አለ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2009፣ በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ተማሪዎች ይህን ሣጥን ስተርብሪጅ ከምትባል ከተማ ለቀቁት። ተቋማቸው ካለባት ከካምብሪጅ ተነሥተው ያን ያህል መንገድ ወደ ምዕራብ መንዳታቸው በምክንያት ነበር። ፊኛው ወደ ምሥራቅ ከተነዳ የሚጠብቀው አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ ስለዚህ በመነሻውና በባሕሩ መካከል በቂ የብስ ማስቀመጥ ነበረባቸው።

ሣጥኑ ከፍ ሲል ስልኩ ዝም አለ። የስልክ አንቴናዎች የተተከሉት መሬት ላይ ላለ ሰው ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ከተወጣ የሚሰማ የለም። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ማድረግ የሚችሉት መጠበቅ ብቻ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ስልኩ እንደገና ድምፁን ሰጠ፤ ሣጥኑ ከተነሣበት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዉስተር ከተማ አካባቢ ወርዷል። ካሜራዋን ከፍተው ሲያዩ፣ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተነሡ ፎቶግራፎች አገኙ። ከላይ ጥቁር ሰማይ፣ ከታች ጎበጥ ያለ የምድር ጠርዝ፣ በመካከላቸው ደግሞ የምንተነፍሰውን አየር ሁሉ የያዘች ቀጭን ሰማያዊ ክር። ፕሮጀክቱን ኢካሩስ ብለውታል። ያወጡት ገንዘብ 150 ዶላር ገደማ ነበር።

ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በስፔን ካታሎኒያ ላ ቢስባል በምትባል ትንሽ ከተማ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ያው ዓይነት ፊኛ ሠርተው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አውጥተዋል። ሜቴዮቴክ 08 ይሉት ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ራሳቸው ነድፈው ራሳቸው በየዱ። እነዚህ ሁለት በረራዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ዜና ሲሆኑ፣ በብዙ አገር ያሉ መምህራን "እኛስ?" ብለው ጠየቁ። ዛሬ የተማሪዎች ፊኛ በየዓመቱ ከብዙ አገሮች ይነሣል።

ፎቶግራፎቹ ውብ ናቸው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ልቤን የሚይዘው ስልኩ ዝም ያለባቸው እነዚያ ሰዓታት ናቸው። ሣጥኑ ከእጅ ከወጣ በኋላ የላላ ሽቦ የሚያጠብቅ፣ የጠፋ ካሜራ የሚያበራ ሰው የለም። የተማሪው ዕውቀት ሁሉ አስቀድሞ ሣጥኑ ውስጥ መግባት አለበት።

*

ፊኛው ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይነፋል። ሣር ላይ ንጹሕ አንሶላ ይዘረጋል፤ ፊኛው የተሠራበት ላቴክስ እጅግ ስስ ስለሆነ አንዲት ድንጋይ ወይም የጣት ጥፍር ብትነካው፣ ቁስሉ የሚታወቀው ከሰዓት በኋላ ሰማይ ላይ ነው። ለዚህም ነው ተማሪዎቹ ጓንት የሚያጠልቁት። ከዚያ የሂሊየሙ ሲሊንደር ይከፈታል፤ ፊኛውም ቀስ እያለ ከአንሶላው ይነሣል።

ጋዙ በቃ የሚባለው መቼ ነው? ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ዘዴ አንድ እናት እንኳ ወዲያው የምትረዳው ነው። ሃይላንድ ፕላስቲክ በውሃ ሞልተው የፊኛው አንገት ላይ ያንጠለጥላሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ፊኛው ውሃውን ሳያነሣ ሳይጥል ሚዛን ላይ ሲቆም የማንሣት ጉልበቱ ይታወቃል። የሚፈለገው የሣጥኑ፣ የፓራሹቱና የገመዱ ክብደት ድምር፣ በዚያም ላይ ሽቅብ የሚያስኬድ ጥቂት ትርፍ ጉልበት ነው።

ያ "ጥቂት ትርፍ" ደግሞ የሙያው ሁሉ እምብርት ነው። ትርፉ ከበዛ ፊኛው በፍጥነት ይወጣል፤ ነገር ግን ከመነሻው ተወጥሯልና ሳይደርስ ይፈነዳል። ካነሰ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ከፍ ያለ ቦታም ሊደርስ ይችላል፤ ግን በየንብርብሩ ያለው ነፋስ ረዘም ላለ ጊዜ ይገፋውና ማንም ሊከተለው ወደማይችልበት ይወስደዋል። ከሁሉ የከፋው በጣም ሲያንስ ነው፤ ፊኛው ላይ ደርሶ ሳይፈነዳ ይንሳፈፋል፣ ተመልሶም የሚወርድበትን ቦታ ማንም አያውቅም። የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት 30 ኪሎ ሜትር ለመድረስ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል።

ሲለቀቅ ወደ 2 ሜትር ስፋት የነበረው ፊኛ ሽቅብ ሲሄድ ይነፋፋል፤ ጋዝ ተጨምሮበት ሳይሆን ከውጭ የሚጫነው አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው መቶኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ትልልቆቹ ፊኛዎች እዚያ ሲደርሱ ከ8 ሜትር በላይ ይሰፋሉ፤ መካከለኛ ቤት ዋጥ የሚያደርጉ ናቸው። ከዚያ ላቴክሱ ይበቃዋል፤ ይፈነዳል። ፓራሹቱ ወዲያው ቢከፈትም የሚይዘው አየር ስለሌለ፣ ሣጥኑ መጀመሪያ ላይ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል። አየሩ እየወፈረ ሲመጣ ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ሰው ሮጦ ሊደርስበት በሚችል ፍጥነት መሬት ይነካል።

*

ደጋ ላይ ባቄላ ለምን ቶሎ እንደማይበስል የሚያውቅ ሰው፣ ሣጥኑ ላይ የሚደርሰውን ግማሹን ያውቃል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የሚጫነው አየር ስለሳሳ። ይህን ነገር ሽቅብ እየተከተልን ብንሄድ 19 ኪሎ ሜትር አካባቢ ውሃ በሰውነታችን ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ይፈላል። እጅግ ከፍ ብለው የሚበሩ አብራሪዎች ልዩ የግፊት ልብስ የሚለብሱት በዚሁ ምክንያት ነው። የተማሪዎቹ ሣጥን ግን ከዚህ መስመር በላይ ሌላ አሥር ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

የመጀመሪያ በረራ የሚያደርጉ ተማሪዎች ሁሉ የሚፈሩት ብርዱን ነው። ልክ ናቸው፤ ተራ የባትሪ ድንጋይ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዝቃዜን የሚችሉ የሊቲየም ባትሪዎች ይገዛሉ፤ ሣጥኑንም በፎም ይሸፍናሉ። ከዚያ ሣጥኑ ተመልሶ ሲከፈት ቪዲዮ ካሜራው በሠላሳኛው ደቂቃ ጠፍቶ ያገኙታል፤ የጠፋውም ከሙቀት የተነሣ ነው። ይህ ብዙ ቡድኖችን ያስደነገጠ ነገር ነው። ምድር ላይ የጋለ ዕቃ የሚበርደው አየር ሙቀቱን እየወሰደለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ያ አገልጋይ የለም፤ ፎሙ ደግሞ የቀረውን ሙቀት አምቆ ይይዛል። ውጭው በረዶ፣ ውስጡ ምጣድ ይሆናል። ተማሪው ሙቀት በመነካካት፣ በአየርና በጨረር እንደሚተላለፍ ፈተና ላይ ጽፎ ማርክ አግኝቶበት ይሆናል። ከሦስቱ መንገዶች አንዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ግን ግማሹ ባዶ የሆነ ሚሞሪ ካርድ እጁ ላይ ሲቀር ነው።

ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ብዙ የጂፒኤስ መቀበያዎች ለሚሳይል መሪነት እንዳይውሉ ሲባል ከ18 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይና በሰከንድ ከ515 ሜትር ፍጥነት በላይ እንዳይሠሩ የሚያደርግ ገደብ አለባቸው። ሐሳቡ ሁለቱም አንድ ላይ ሲታለፉ መቀበያው ዝም እንዲል ነበር፤ እንደ ሚሳይል ከፍ ብሎ እንደ ሚሳይል የሚሮጥ ነገር ስለሆነ። አንዳንድ አምራቾች ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢታለፍም እንዲዘጋ አድርገው ሠሩት። ፊኛ ሽቅብ ሲወጣ ከሰው ሩጫ ያልፈጠነ ነው፤ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ይወጣል። ስለዚህ በአንዲት "እና" እና በአንዲት "ወይም" መካከል ባለ ልዩነት የስንት ተማሪ ሣጥን ልክ 18 ኪሎ ሜትር ላይ ቦታውን መናገር አቁሟል! ዛሬ ልምድ ያለው ቡድን ቺፕ ከመግዛቱ በፊት ይህን ያጣራል፤ አንዳንዶቹ ቺፖች ላይም ለበረራ የሚሆን ሁነታን በኮድ ማብራት ያስፈልጋል። እኔ ለፕሮግራሚንግ ጀማሪዎች የሎጂክን ክብደት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በስልክ ፈንታ ብዙዎች አሁን የሚይዙት ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ አማተር የሬዲዮ ሰዎች በ144.39 ሜጋኸርዝ በሚሠራ የጋራ መረብ ይጠቀማሉ፤ ከቡድኑም ቢያንስ አንድ ሰው የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ፈተና ተፈትኖ ማለፍ ይኖርበታል። ጉልበቱ ከአንድ ዋት በታች የሆነ ማሰራጫ እንኳ ከላይ ሆኖ እጅግ ሩቅ ይሰማል፤ ከ30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አድማሱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና። ሣጥኑ አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ቢሆን ጎንደር፣ መቀሌና ጅቡቲ ከአድማሱ ውስጥ ይገባሉ።

*

ከበረራው የሚመለሰው ትልቁ ሀብት፣ በእኔ አመለካከት፣ አንዲት የተጣመመች መስመር ናት። ተማሪዎቹ የሙቀት መለኪያ አስገብተው ከሆነ፣ ኮምፒውተር ላይ ከፍታንና ሙቀትን ሲያገጣጥሙ መስመሩ መጀመሪያ ቁልቁል ይሄዳል። ወደ ላይ ሲወጡ ይበርዳል፤ ራስ ዳሸን ላይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከዚያ፣ አሜሪካና አውሮፓ ላይ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ መስመሩ ይቆማል። ቀጥሎ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሽቅብ በሄዱ ቁጥር ይሞቃል።

ይህን እጥፋት መጀመሪያ ያየው ፈረንሳዊው ሊዮን ቴስሬንክ ደ ቦር ነበር። ከፓሪስ አቅራቢያ፣ ከትራፕ፣ ቴርሞሜትር የያዙ ሰው አልባ ፊኛዎችን ከ200 ጊዜ በላይ ለቀቀ። መለኪያው ከፍታ ላይ መቀዝቀዝ ሲያቆም ሰዎች ፀሐይ አሙቃው ይሆናል አሉ፤ እርሱም በሌሊት ለቀቀ። እጥፋቱ ሌሊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1902 ውጤቱን አስታወቀ፤ ከእጥፋቱ በላይ ያለውንም ክፍል በኋላ ስትራቶስፌር አለው። የሚያሞቀው የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚውጠው ኦዞን መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። የዛሬ ተማሪ ይህን በመጽሐፍ ያነበበው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በራሱ ሴንሰር፣ ራሱ በበየደው ሽቦ የመጣው መስመር ሲታጠፍ ማየት ሌላ ነገር ነው። ብዙዎች መጀመሪያ ሴንሰሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። የቴስሬንክ ደ ቦር ዘመን ሰዎችም የጠረጠሩት መለኪያውን ነበር።

የጨረር መለኪያ፣ ጋይገር ካውንተር የያዘ ሣጥንም እንዲሁ ነው። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 ራሱ በፊኛ ተሳፍሮ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ጨረር ከፍ ሲሉ እንደሚጨምር ለካ፤ ከሰማይ የሚመጣ መሆኑን አሳየ፤ በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የተማሪዎቹ ፊኛ ከሄስ አምስት እጥፍ ገደማ ይወጣል፤ እዚያም እርሱ ሊያየው ያልቻለውን ያገኛል። ቁጥሩ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጫፍ ይደርስና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ከህዋ የሚመጣው ጨረር የአየር አተሞችን ሲመታ ሌሎች ብናኞችን ያዘንባል። በጣም ከፍ ካሉ ገና የሚመታ አተም አልበዛም፤ በጣም ዝቅ ካሉ ደግሞ ዝናቡን አየሩ ውጦታል።

*

እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2017 የፀሐይ ሙሉ ግርዶሽ ከኦሪገን እስከ ሳውዝ ካሮላይና አሜሪካን አቋርጦ ሲያልፍ፣ በሞንታና ስፔስ ግራንት ኮንሶርቲየም አስተባባሪነት 55 የተማሪ ቡድኖች በጥላው መንገድ ላይ ተሰልፈው ፊኛዎቻቸውን ለቀቁ። ዓላማቸው የጨረቃን ጥላ ከላይ ሆነው በቀጥታ ለሕዝብ ማሳየት ነበር። ከቡድኖቹ ብዙዎቹ ለናሳ ሌላ ዕቃም ይዘው ወጥተዋል፤ ቀጭን ብረት ላይ የደረቁ ጠንካራ ባክቴሪያዎች። ቅዝቃዜው፣ የሳሳው አየርና ጨረሩ ማርስን ስለሚመስል፣ ምን ያህሉ በሕይወት እንደሚተርፍ ለማየት ነው።

ግርዶሽ ቀጠሮውን አያዛንፍም፤ ይህ ነው ከተለመደው በረራ የሚለየው። ፊኛው በተወሰነችው ደቂቃ በተወሰነው ከፍታ ላይ ካልተገኘ የሁለት ዓመት ሥራ በሁለት ደቂቃ ጨለማ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ግርዶሾች ሥራው ተስፋፍቶ 75 ተቋማት ተሳተፉ። አንዳንዶቹ ቡድኖች ካሜራውን ትተው ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ ትንንሽ የሜትሮሎጂ ፊኛ እየለቀቁ አየሩን ለኩ። የሚፈልጉት ማዕበል ነበር። የጨረቃ ጥላ ከድምፅ ፍጥነት በላይ እየሮጠ ከባቢ አየርን ድንገት ሲያቀዘቅዝ፣ ጀልባ ሐይቅ ላይ ከኋላዋ እንደምትተወው ያለ ሞገድ አየሩ ውስጥ መነሣት አለበት ተብሎ ከ1970 ጀምሮ ይታሰብ ነበር። ከሞንታና የሄደ ቡድን በ2019ኙ የቺሊ ግርዶሽ ጊዜ በለቀቃቸው ፊኛዎች ውስጥ ያን ምልክት አግኝቷል። በሌሊት እንቅልፍ አጥተው ፊኛ ሲነፉ ያደሩ ተማሪዎች የአንድ የግማሽ ምዕተ ዓመት ጥያቄ መልስ ላይ እጃቸው አለበት።

ይህን ሳነብ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። የዚያን ቀን ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ አለፈ፤ የእሳት ቀለበት ለማየት ብዙ ሕዝብ ቀና አለ። በዚያ ጥላ ውስጥ የአንድ የወሎ ወይም የጎንደር ትምህርት ቤት ፊኛ ቢኖር ኖሮ እላለሁ፤ ምኞቴን መደበቅ አልችልም።

ምክንያቱም ሰማያችን የአሜሪካ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሰማይ አይደለም። ያ የሙቀት መስመር እጥፋት በእኛ ላይ 11 ኪሎ ሜትር ላይ አይገኝም፤ በምድር ወገብ አካባቢ 16 እና 17 ኪሎ ሜትር ድረስ ይወጣል፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች ወደ 80 ዲግሪ ይጠጋል። ከሞንታና የተቀዳ የባትሪ ስሌት እዚህ አይሠራም። የህዋ ጨረርም እንደዚያ አይበዛም፤ የምድር መግነጢስ ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ፣ እዚህ ላይ መግነጢሱ ብዙውን ጨረር ይመልሰዋል። በዚሁ መግነጢስ ወገብ ምክንያት ነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ የጀመረው። ነፋሱም ሌላ ነው፤ በክረምት ከፍታው ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ፈጣን ነፋስ ስላለ ከሸዋ የተነሣ ሣጥን ወደ ወለጋ ይነዳል። የእኛ ተማሪ የሚያመጣው መስመር ከሌሎች የተለየ፣ የራሱ ሰማይ መስመር ይሆናል።

አየሩን በፊኛ መለካት ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ ሥራ ሠርተዋል። ለትምህርት ቤት የሚከብደው ሂሊየሙ ነው፤ ውድ ነው፤ ሃይድሮጅን ይረክሳል፣ ግን ስለሚቀጣጠል ያለ ባለሙያ እጅ አይነካም። ፈቃድም ያስፈልጋል፤ ከሲቪል አቪዬሽን ለበረራው፣ ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለሬዲዮው። ይህ ተገቢ ነው። አሜሪካም ቢሆን ቀላል ሣጥን የሚለቀቀው በልክ ነው፤ አንዱ ጭነት ከ6 ፓውንድ፣ ማለት ከ2.7 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ ገመዱም አውሮፕላን ቢገጥመው እንዲበጠስ ሆኖ ነው የሚመረጠው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል፤ ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት። እያንዳንዱ ቡድን "ጉዳት የለውም፣ እባክዎን ይደውሉልን" የሚል ጽሑፍ ይለጥፋል። ዉስተር ላይ ይህ ይበቃ ይሆናል። በእኛ አገር ሣጥኑን የሚያገኘው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወይም ማሳው ላይ ያለ ገበሬ ነው፤ ሽቦ ያለው ነገር ከሰማይ ሲወርድ ሰው ልቡ በሚርድበት ዘመን። ስለዚህ ጽሑፉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ በአፋርኛም መሆን አለበት። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ሥዕል፤ ፊኛ፣ ልጆች፣ ትምህርት ቤት፣ ስልክ ቁጥር። ከበረራው ቀናት በፊትም ተማሪዎቹ የነፋሱን ስሌት ይዘው፣ ሣጥኑ ሊወርድባቸው ወደሚችሉ ቀበሌዎች ይሂዱ፤ በገበያ ቀን፣ ሣጥኑን ከፍተው ለሰው እያሳዩ። ካሜራዋን ያሳዩ፣ ፎሙን ያስዳስሱ። ሰማይ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ ይንገሯቸው፤ ሲመለስም ፎቶውን ይዘው እንደሚመጡ።